ልጆቻችን በሰው ሀብት ክፍል ምን አዩ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ጠዋት ሰምታችኋል። ቁጠባው፣ ብድሩ፣ የማኅበራዊ መዋጮው ገቢና ወጪ ተነቧል። ከዚያ ሪፖርት ውስጥ ግን አንዲት መስመር ብዙ ጥያቄ አስነስታለች። መስመሯ «ለተማሪ የሥራ ልምምድ ድጋፍ፣ 4,200 ብር» ትላለች። በየቡድናችሁ ስትጠይቁን ከርማችኋል፤ «ልጅቱ ደመወዝ የሌለው ሥራ ልትሠራ ሄዳ እኛ ለምን እንከፍላለን?» ብላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ በየሳምንቱ ከመቀነታችሁ ፈትታችሁ ያወጣችሁት ነው። ስለዚህ ዛሬ መልሱን በቁጥር ብቻ ሳይሆን ልጅቱ ሄዳ ባየችው ነገር ልንሰጣችሁ ፈልገናል።

ልጅቱ የአባላችን ልጅ ናት። እሷም እናቷም ታሪኩን እንድንናገር ፈቅደውልናል፤ ስማቸውንና የተለማመደችበትን ድርጅት ስም ግን አንጠራም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማኔጅመንት ትማራለች። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌንና ነሐሴን፣ አሶሳ ከተማ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ውስጥ እንድትለማመድ ደብዳቤ ተጻፈላት።

የሰው ሀብት አስተዳደር የሚባለው በድሮ አጠራሩ ፐርሶኔል ነው። ሠራተኛ የሚቀጠርበት፣ ፈቃድ የሚሞላበት፣ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት፣ ጡረታ የሚመዘገብበት ክፍል ማለት ነው። እኛ የሒሳብ ሰዎች ደመወዝ የምንሠራው ከዚያ ክፍል በሚመጣልን ወረቀት ነው። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ብናየው እንኳ፣ እዚያ ካልተጻፈ እኛ ዘንድ ደመወዝ የለውም።

መጀመሪያ ወጪውን እንናገር። ክረምት ስለሆነ የተማሪዎች መኝታ ዝግ ነው። ከሌላ ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ተከራየች፤ ድርሻዋ በወር 900 ብር፣ ለሁለት ወር 1,800 ብር። ለምግብ በወር 2,400 ብር፣ ለሁለት ወር 4,800 ብር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆሞሻ ደርሳ ለመመለስ አራት ጊዜ፣ በደርሶ መልስ 300 ብር ሒሳብ 1,200 ብር። ለፎቶ ኮፒ፣ ለስልክ ካርድና ለጥቃቅን ነገር 600 ብር። ድምሩ 8,400 ብር ነው። እናቷ በግንቦትና በሰኔ ማንጎ ሸጣ ያጠራቀመችውን 2,700 ብር አወጣች። 1,500 ብር ከቡድኗ ተበደረች፤ እሱን ከፍላ ጨርሳለች። ቀሪውን 4,200 ብር ከማኅበራዊ መዋጮው ሸፈንን። በመዝገባችን ላይ የሌለ ሌላ ወጪም አለ። ሐምሌና ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው፤ እናትየዋ የልጇን ጉልበት አጥታ ክረምቱን ብቻዋን አረመች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ደመወዝ የሌለው ልምምድ ለሁሉም ተማሪ እኩል አይደለም። ወላጆቿ አሶሳ የሚኖሩ ልጅ ጠዋት ከቤቷ ወጥታ ማታ ቤቷ ትገባለች፤ ልምምዱ ለእሷ ትምህርት ብቻ ነው። ከሆሞሻ፣ ከሸርቆሌ፣ ከኩርሙክ ለምትመጣ ልጅ ግን ልምምዱ የሁለት ወር ኑሮ መክፈል ነው። መክፈል ያልቻለችው ወይ እዚሁ ወረዳ ውስጥ ደብዳቤ አስመትታ ሳትለማመድ ትቀራለች፣ ወይ ትምህርቷን ታዘገያለች። አለመቻሏ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ አይጻፍም። ሥራ ስትፈልግ ግን ይታወቅባታል።

አሁን ወደ ልምምዱ እንሂድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት «እዚያ ቁጭ በይ» ተባለች። ፎቶ ኮፒ አነሳች፣ ሻይ አስመጣች፣ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ አመላለሰች። ብዙ ተማሪዎች ልምምዳቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ሠራተኛው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ተማሪዋ ስትመጣ ምን እንደምትሠራ ማንም አስቀድሞ ስላላሰበ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ሴት ፈቃድ ወጣችና የሠራተኞችን የግል ማህደር የሚያደራጅ ሰው ጠፋ። ልጃችን «እኔ ልሥራው» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ መማር ጀመረች።

ማህደሮቹን በፊደል ተራ እንድታስቀምጥ ነበር የታዘዘችው። የአንዲቱ ሠራተኛ ስም በትምህርት ማስረጃዋ ላይ «ፋጡማ»፣ በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ «ፋጢማ»፣ በባንክ ደብተሯ ላይ «ፋጥማ» ነው። የአባቷ ስም አንዱ ጋ «አብዱራህማን»፣ ሌላው ጋ «አብድራማን» ተብሏል። የሌላዋ ስም በአንዱ ወረቀት «ሐዋ»፣ በሌላው «ሀዋ» ተጽፏል። ለእኛ ለምንሰማው አንድ ስም ነው። በኮምፒዩተር ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። የትውልድ ዘመንም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ወረቀት ከሌላው አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት ይለያያል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። እኛ በሒሳብ ክፍል ችግሩን እናውቀዋለን። የግል ድርጅት ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዟ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪዋ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህ ገንዘብ የሚመዘገበው በስሟና በትውልድ ዘመኗ ነው። ዕድሜዋ 60 ሞልቶ ገንዘቧን ልትጠይቅ ስትሄድ «ይህች ሴት አንቺ መሆንሽን አረጋግጪ» ትባላለች። ያን ጊዜ ሰነድ ለማስተካከል ፍርድ ቤት መመላለስ፣ ምስክር መፈለግ ይመጣል። በሃያ ዓመቷ አንድ ቀን የሚፈጀው ጉዳይ በስልሳ ዓመቷ ዓመት ይፈጅባታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ የተጻፈው ሲሳሳት ደግሞ ስሕተቱም ይወረሳል።

በስድስተኛው ሳምንት ድርጅቱ ገንዘብ ያዥና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ማመልከቻዎቹን እንድታጣራ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ተመደበች። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክምር አደረጉ፤ ለፈተና የሚጠሩና የማይጠሩ። የሴቶቹ ማመልከቻ ወደ ማይጠሩት እየበዛ ሲሄድ አየች። ወደዚያ የተጣሉት ሥራውን አይችሉም ተብለው አይደለም። አንዷ የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለው ወረቀት የላትም። አንዷ በአንድ ምግብ ቤት ለዓመታት ገንዘብ ተቀብላለች፤ ያንን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ግን የላትም። ሌላዋ ማስረጃ አላት፤ ቀንና ቁጥር የለውም፣ ማህተሙም አይነበብም። ያለፉትም ቢሆኑ ከፊታቸው ሌላ በር አለ፤ እሱም ዋስ ነው። ገንዘብና ዕቃ ለሚረከብ ሰው ደመወዙ የታወቀ ወይም ንብረት ያለው ዋስ ይጠየቃል።

እኅቶቻችን፣ ይህንን በተለይ ለእናንተ እንናገራለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። የሥራ ልምድ ወረቀት መጠየቅ ልመና አይደለም፤ የሠራችሁበት ነው። የቤተሰብ ያህል ተግባብታችሁ የሠራችሁበት ቤትም ቢሆን ስትለቁ ጠይቁ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማውንና ማህተሙን አይታችሁ ተቀበሉ።

አሁን ልጃችን ስትመለስ ደጋግማ የነገረችንን እንንገራችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወደ ቢሮው ገባች። አማርኛዋ ጥቂት ነው። «ሥራ መልቀቂያ» አለች። ጸሐፊው ቅጹን አወጣላት፤ ፈርማ ልትሄድ ነው። ልጃችን ግን ሴትየዋ ፈርማ ለመሄድ የመጣች ሰው አትመስልም ነበር አለችን። ነፍሰ ጡር ናት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ከመፈረሟ በፊት ላነጋግራት?» ብላ ኃላፊውን ጠየቀች። ፈቀደላት። በበርታኛ «እኅቴ፣ ለምንድን ነው የምትለቂው?» አለቻት።

ሴትየዋ «ልወልድ ነው። የወለደች ሥራዋ አይጠብቃትም ብለውኛል። ከምባረር ራሴ ልሂድ ብዬ ነው» አለች። ማን እንዳላት ስትጠየቅ አብረዋት የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸውን ተናገረች። የድርጅቱ ኃላፊ አላላትም፤ ግን በምትሰማው ቋንቋ ትክክለኛውን የነገራትም ሰው አልነበረም።

አዋጁ መደርደሪያው ላይ ነበር። ልጃችን አውጥታ ለኃላፊው አሳየች። ሴት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራትም ውሏ አይቋረጥም። ኃላፊው አነበበና ጸሐፊውን «ያንን ቅጽ መልሰው፤ የምትሞላው የወሊድ ፈቃድ ነው» አለው። ሴትየዋ ቅጹን ሞልታ፣ አውራ ጣቷን አትማ ወጣች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ወጣች፤ መስከረም ላይ በሰላም ተገላገለች።

ልብ በሉ፤ ያቺ ሴት ያን ቀን ፈርማ ቢሆን ኖሮ ማንም አባሯት አይባልም ነበር። ማህደሯ ላይ «በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኛም በሒሳብ ክፍል ወረቀቱ ሲደርሰን ስሟን ከደመወዝ ዝርዝር ሰርዘን ወደሚቀጥለው እናልፍ ነበር። ስንት እኅቶቻችን እንዲህ «በገዛ ፈቃዳቸው» ለቅቀው ይሆን? ያን ቀን ቢሮው ውስጥ የሕግ ባለሙያ አልነበረም። የነበረችው የእኛን ቋንቋ የምትሰማ፣ ማንበብ የለመደች፣ ለመጠየቅ ያላፈረች ተማሪ ናት። 4,200 ብራችን ምን ሠራ ለምትሉን፣ አንዱ መልሳችን ይህ ነው።

ሁለተኛው መልስ እዚሁ ሆሞሻ ነው። ልጅቱ ስትመለስ፣ ትምህርት እስኪከፈት ድረስ የእናቷን ቡድን አባላት ወረቀት አንድ በአንድ አየች። ከ18 አባላት የ11ዱ ስም ወይም የትውልድ ዘመን ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ከእነዚህ አራቱ ልጆቻቸውን ያስመዘገቡት በተሳሳተው ስማቸው ነው። ይህ የአንድ ቡድን ብቻ ነው፤ የቀሩት ቡድኖች ገና አልታዩም።

ነገሩ ለምን አሁን እንደሚያስቸኩለን እንንገራችሁ። በወረዳችን ያለው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ከተከፈተ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚያ የሚሠሩ ድርጅቶች አስተርጓሚ፣ መዝጋቢ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ምግብ አብሳይ ይቀጥራሉ። በኩርሙክ በኩል ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሥራ መጥቷል። እናቶቻችን ወርቅ ያጠቡ የነበሩት ያለ ማመልከቻና ያለ ማህደር ነው፤ ልጆቻቸው የሚገቡበት የወርቅ ሥራ ግን በሰው ሀብት ክፍል በር በኩል ነው። የፋይዳ መታወቂያም በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 በሕግ ጸንቶ፣ ባንኩም ሌላውም አገልግሎት እየጠየቀው ነው። ፋይዳ ላይ የተሳሳተ ስም የገባ እንደሆነ ስሕተቱ ወደ ሁሉም ቦታ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ማስተካከል ይሻላል።

ለልምምድ ለምትሄዱ ልጆቻችን ደግሞ ጥቂት ምክር አለን። በመጀመሪያው ቀን ማን እንደሚቆጣጠራችሁና ምን እንደምትሠሩ ጠይቁ። ከተቻለ በጽሑፍ ይሁን። በየቀኑ የሠራችሁትን በደብተር መዝግቡ፤ ስትመለሱ ለመምህራችሁም ለማኅበራችሁም የምታሳዩት እሱን ነው። የሠራተኛ ማህደር ካያችሁ ውስጡ ያለውን ውጭ አታውሩ። ልጃችንም የነገረችን ያለ ሰው ስም ነው። ድርጅቱ የግል ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እንደሚተዳደር አውቃችሁ ሕጉን አንብቡ።

አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ሳንናገረው ብናልፍ እናቶች ይቀየሙናል። ተማሪ ውጤቷም ደብዳቤዋም በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ ልትደፈር፣ ልትተነኮስ ትችላለች። አዋጅ 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን በስም ጠርቶ ከልክሏል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ልጅ «ውጤቴ ይበላሻል» ብላ ዝም እንዳትል፣ የምትደውልላት አንዲት ሴት ከማኅበራችን ከመሄዷ በፊት ልትመደብላት ይገባል። ባለፈው ክረምት ልጃችን በየእሑዱ ለቡድኗ ሰብሳቢ ትደውል ነበር። ክፉ ነገር አልገጠማትም፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ማወቋ ግን ሥራዋን በድፍረት እንድትሠራ ረድቷታል።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሦስት ሐሳብ ነው።

አንደኛ፣ ከማኅበራዊ መዋጮው በየዓመቱ ለሁለት ሴት ተማሪዎች የልምምድ ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ ይመደብ። በአምናው ሒሳብ ለአንዷ 4,200 ብር ነው፤ ለሁለቱ 8,400 ብር ይሆናል። የተደገፈች ልጅ ስትመለስ ለሁለት ሳምንት የአባላትን ወረቀት በማየትና ማመልከቻ በመጻፍ ማኅበሩን ታገልግል። ይህ ለአምናዋ ልጅ በፈቃዷ የሆነ ነው፤ ከእንግዲህ በደንብ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ በየቡድኑ አንድ የወረቀት ቀን ይደረግ። እያንዳንዷ አባል መታወቂያዋን፣ የባንክ ደብተሯን፣ የትምህርት ማስረጃ ካላት እሱን፣ የልጆቿንም የልደት የምስክር ወረቀት ይዛ ትምጣ። የማይገጥመውን ለይተን ዝርዝር እናወጣለን፤ ወደ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት በየተራ ሳይሆን በአንድ ላይ እንሄዳለን።

ሦስተኛው የዋስ ጉዳይ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ማኅበሩ ለልጆቻችን ዋስ ይሁን» ብላችኋል። ሐሳቡ ከደግነት የመጣ መሆኑን እናውቃለን። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ግን እውነቱን ልንነግራችሁ ይገባል። ማኅበሩ ዋስ ከሆነ ዋስ የሚሆነው የሁላችሁም ቁጠባ ነው። አንዲት ልጅ ገንዘብ ጎደለባት ቢባል፣ ለክረምት ዘር መግዣ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የአባላት ቁጠባ ለዋስትና እንዳይነካ፣ ይልቁንም ደመወዝ ያላቸው አባላትና ደጋፊዎች በግላቸው ፈቅደው ዋስ የሚሆኑ ካሉ ስማቸው እንዲመዘገብ እንጠይቃለን። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ለተከበራችሁ ደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። እስካሁን የሰጣችሁን ሥልጠና፣ ዘርና ብድር ብዙ ቤት አቁሟል። አሁን የምንጠይቃችሁ በር ነው። አብዛኞቻችሁ አሶሳም አዲስ አበባም የሰው ሀብት ክፍል፣ የሒሳብ ክፍል፣ የግዥ ክፍል ያላችሁ ናችሁ። በየክረምቱ ከሆሞሻ አንዲት ልጅ ተቀበሉ። ከመምጣቷ በፊት የምትሠራው በጽሑፍ ይዘጋጅ፣ የሚያሠራት ሰው ይታወቅ፣ ለምሳና ለቤት ኪራይ የሚሆን ጥቂት አበል ይታሰብላት። ፎቶ ኮፒ ማንሳቱንም ትሠራዋለች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ማህደር ስጧት። በቢሯችሁ በርታኛ የሚሰማ ሰው ከሌለ ደግሞ፣ ከእሷ የምትማሩትም እንዳለ አስቡ።

ልጃችን ገና አንድ ዓመት ትምህርት ይቀራታል። ሥራ አላገኘችም፤ ታገኛለች ብለንም ቃል አንገባላችሁም። ሦስቱን ሐሳቦች ሰብሳቢዋ አንድ በአንድ ለውይይት ታቀርባቸዋለች። ደረሰኞቹና መዝገቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ቀርባችሁ እዩ፤ ማንበብ ለማትችሉት እያነበብን እናሰማለን።